ደሙ አልቆም ያለው ፀጉር አስተካካይ

ፀጉር አስተካካዩ ልቡ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለው፤ ደሙ እንዳይረጋ በየቀኑ ደም ማቅጠኛ ይውጣል። ጥርሱን ሲያመው ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ምን በወጣው? ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ ደንበኛ ከቤቱ የተረፈ አንቲባዮቲክ አመጣለት፤ እሱም እንደ ከረሜላ ዋጠው።

በአራተኛው ቀን የራሱን ጢም ሲላጭ ምላጩ አገጩን ጫር አደረገው። ሠላሳ ዓመት የሰው ጭረት ሲያደርቅ የኖረ እጅ ግማሽ ሰዓት በጥጥ ቢጫነውም ደሙ አልቆም አለ።

«ትንሽ ጭረት ናት» አለ ለሚስቱ።

«ትንሽ ከሆነች ፎጣው ለምን ቀላ? ተነስ፣ አንተ የሰፈር ፕሮፌሰር!» ብላ እየጎተተች ሆስፒታል አደረሰችው።

ሐኪሟ የደሙን ምርመራ አይታ ደነገጠች። «አባባ፣ አንቲባዮቲኩ የማቅጠኛውን ጉልበት አናረው። ቢዘገዩ ኖሮ ጭንቅላትዎ ውስጥ ሊደማ ይችል ነበር።»

እዚያው አስተኝታ፣ አንቲባዮቲኩን ለውጣ፣ ማቅጠኛውን ደሙን እየለካች አስተካከለችለት። በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ወደ ልኩ ተመለሰ።

«ከእንግዲህ ማንኛውንም ክኒን ከመዋጥዎ በፊት ይደውሉልኝ» አለችው።

ክኒን ለመዋጥ ማንንም ጠይቆ የማያውቀው ሰውዬ ስልኳን በትልልቁ ጽፎ የሱቁ መስታወት ላይ ለጠፈው።