ሲካፈል የበዛው

ወረታ ላይ ከመምህር አለኸኝ የተማረ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። ክፍልፋይን በክፍልፋይ የማካፈል ትምህርት ሲደርስ መምህሩ ጠመኔውን ያስቀምጥና በኮባ የተጠቀለለ እርጥብ ጭቃ ከጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ኮባውን ሲፈታ ፊቱ ይጠቁራል። ለምን እንደሚጠቁር ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ ነው። አለኸኝ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎበዝ ነበር። የቄስ ልጅ ነው፤ ከዜማ ቤት ወጥቶ መምህርነት ተማረ። ዜማውንም ቁጥሩንም የያዘው በቃሉ ነው። ድምፁ ለምን እዚህ ላይ እንደሚወርድ፣ ለምን እዚያ ላይ እንደሚነሣ የኔታን ጠይቆ አያውቅም፤ የኔታም የሚጠይቅ አይወዱም ነበር።

በሰባተኛ ክፍል አንዲት ልጃገረድ ብቻ ነበረችው፤ አገኘሁሽ፣ የሸክላ ሠሪዋ የይርገዱ ልጅ። ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ፣ ከመስኩ ዳር፣ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሯ ትመጣለች። የገበሬ ልጆች ከሸክላ ሠሪ ልጅ ጎን አንቀመጥም ስላሉ አግዳሚው የብቻዋ ነው።

ያን ለት አለኸኝ በሰሌዳው ላይ ሦስት አራተኛን ለአንድ ስምንተኛ አካፈለ። «ሁለተኛውን ገልብጡ፤ አባዙ። ስድስት! በቃ።»

አገኘሁሽ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ትናንት ግማሽን በግማሽ ስናባዛ አነሰ። ዛሬ ደግሞ ስናካፍል በዛ። መሬት እንኳ ወንድማማች ሲካፈለው ያንሳል እንጂ መች ይበዛል?»

አለኸኝ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ለምን እንደበዛ ፈለገ። አያውቀውማ። የማያውቅ መምህር መባልን ከሞት አብልጦ ይፈራ ነበርና፣ አፉ የሰጠውን ወረወረ፦

«የሸክላ ሠሪ ልጅ ምን ርስት ኖሯት ነው ስለ መሬት ድልድል የምታስተምረኝ?»

አድማሴ የሚሉት የባለመሬት ልጅ ቀድሞ ሳቀ፤ ክፍሉ ተከተለው። በፎገራ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ርስት እንደሌለው የማያውቅ አልነበረም። አገኘሁሽ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ደብተሯን ብቻ ዘጋች።

በነጋታው አለኸኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲገባ ከአጥሩ ሥር በኮባ የተጠቀለለ ነገር እግሩን መታው። «ማነው ይኸን ቆሻሻ የጣለ?» ብሎ ረግጦ አለፈ። ክፍል ሲገባ አግዳሚው ባዶ ነበር።

ቤቷ ሄዶ ይቅርታ ሊላት አሰበ። ነገ አለ። ከነገ ወዲያ አለ። እንዲህ ሲል ዝናቡ ገባ፤ የርብ ወንዝ ሞላና የፎገራ ሜዳ ባሕር ሆነ። አሁን እንኳን መምህር፣ ወፍም አይሻገርም አለና ልቡን አሳረፈ። ግን ከዚያ ለት እስከ ውኃው ድረስ ሃያ ቀን ነበረው። ሃያ ቀን ደረቅ መንገድ።

ውኃው ሸሽቶ ገበሬው በጭቃው ላይ ጓያ ሲበትን፣ በጥቅምት፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ሄደ። ይርገዱ ከቤቷ ደጅ ጭቃ እየደበደበች ታንጎራጉራለች፦

ገንቦዬን ሰብራችሁ፣ ገንቦ ክፈሉ እንጂ፣
ልብ ለሰበረማ፣ ምን ካሣ አለው ልጂ?

«እንደምን ዋሉ፣ እትየ ይርገዱ? የአገኘሁሽ መምህር ነኝ።»

«ዘገዩሳ፣ መምህር።» እጇ ሥራውን አልተወም።

«ልጅቱስ?»

«ለሐሙሲት ሰዎች ዳርኋት። እንደኛው ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ትምህርቱ ይቅርብኝ እማየ አለችኝ። ምነው ብላት አልነገረችኝም። እርስዎ ያውቁ ይሆን?»

አለኸኝ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይርገዱ ድቡልቡሉን ጭቃ በክር አራት ቦታ ቆረጠችው፤ አንዱን ለገንቦ አንገት ለይታ ሦስቱን አስጠጋች። ከዚያ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ትከፍለው ጀመር።

«ከሦስቱ ስንት ይወጣዎታል?» አለ።

«ስድስት ጣባ ነዋ! ለወጥ ማቅረቢያ፣ ትንንሹን። ጣባ የድቡልቡሉን ስምንተኛ ናት የምትበላ። ዕቃው ሲያንስ ቁጥሩ ይበዛል፤ ይኸም ተጠይቆ!»

ሦስት አራተኛ ለአንድ ስምንተኛ። ወንድማማች መሬት ሲካፈል ለአንዱ ምን ያህል ደረሰው ነው ጥያቄው። እዚህ ግን ከሦስት አራተኛው አንድ ስምንተኛ ስንት ጊዜ ይወጣል ነው። ልጅቱ የጠየቀችው መልስ ከእናቷ ደጅ ተደርድሮ ኖሯል። አለኸኝ ግን ያደረገውን ለይርገዱ ሳይናገር ተነሣ። ሁለተኛው ፍርሃቱ ይኸ ነበር።

አምስት ዓመት ሆነ። አንድ ሐሙስ ለጉዳይ ሐሙሲት ወርዶ ገበያው መካከል ሲያልፍ አያት፤ ልጅ አዝላ፣ ገንቦና ጣባ ዘርግታ። ከፊቷ ቆመ።

«መምህር አለኸኝ!» አለች፣ ብድግ ብላ። «ጤናዎን እንዴት ነዎት?»

ያን ሁሉ ዓመት በልቡ ሲያጠናው የኖረው ንግግር ጠፋው። «ያ ጥያቄሽ» አለ፤ «መልሱን አገኘሁት። ከእናትሽ ዘንድ። ያን ለት አላውቀውም ነበር፤ አለማወቄን ብነግርሽ ይሻል ነበር። ይቅር በይኝ።»

አገኘሁሽ ጣባዎቿን ታስተካክል ጀመር፤ የተዛባ ሳይኖር።

«እኔማ የገባኝ የዚያኑ ለት ነው፤ ቤት ስገባ እማየ ጭቃ ስትቆርስ አየሁ። በነጋታው ለእርስዎም ለልጆቹም ላሳይ ብዬ በኮባ ጠቅልዬ መጥቼ ነበር። ከደጁ ስደርስ አድማሴ ‹ባለርስቷ መጣች፣ መንገድ ልቀቁላት!› አለ። ሁሉም ሳቁ። ጭቃውን ከአጥሩ ሥር ጣልሁና ተመለስሁ።» ቀና ብላ አየችው። «ይቅር ብያለሁ፣ መምህር። ጣባ ላንሣልዎ?»

ስድስት ጣባ ገዛ። ወደ ወረታ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ በዜማ ቤት ድምፁ፣ ሰው ሳይሰማው፣ እንዲህ እያለ መጣ፦

ውኃው መጣ ብዬ፣ አሳበብሁ በርብ፤
መንገዱ ቅርብ ነበር፣ ራቀ እንጂ የኔ ልብ።

ትምህርት ቤቱ ደጅ ሲደርስ ከአጥሩ ሥር ቆመ። በእግሩ የረገጠው ያ ኮባ ከወደቀበት ቦታ ሣር በቅሎበታል።