አባቴ የሚያበላሸው ኮምፒውተር

የሲፒዩ ክዳን በከፈትኩ ቁጥር የሚወጣ አንድ ሽታ አለ፤ የሞቀ አቧራ፣ ትንሽ የተለበለበ ፕላስቲክና የላጲስ ፍርፋሪ ተቀላቅሎ የሚሸት። ባሕር ዳር በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሥራዬ የተበላሹ ኮምፒውተሮችን መጠገን ስለሆነ ይህ ሽታ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይመጣብኛል። በመጣ ቁጥር አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ ሰቆጣ ባለው ቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ተንበርክኬ ራሴን አገኘዋለሁ። ደስ አይለኝም፣ አይከፋኝምም፤ ብቻ እዚያ እገኛለሁ።

አባቴ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ጉዳይ ያለው ገበሬ ከጋዝጊብላም ከደሃናም በእግሩ መጥቶ፣ ክሱን ወይም መልሱን ቁጭ ብሎ ይነግረውና፣ አባቴ በእጁ ጽፎ ሲጨርስ እናቴ በኮምፒውተር ትተይበው ነበር። ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ጣቶቿ ብቻቸውን ስለሚሮጡ አባቴ በባለጉዳዮች ፊት «የጽሕፈት መኪናዬ» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም «መኪናውስ ዘይት ይፈልጋል» ትለዋለች። ቤታችን ውስጥ ብዙ አይሳቅም ነበር፤ ሲሳቅ ግን እንዲህ ነበር።

እናቴ ብርሃኑ የሚባል አንድ ወንድም ብቻ ነበራት። ወላጆቻቸው ደሃና ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ አምስት ዓመታቸው ነበርና አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ተምሮ ሩቅ ቆላ አገር የመንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ሆኖ ከተቀጠረም በኋላ፣ እሑድ እሑድ በፌስቡክ ይጽፍላት ነበር። ስልክ ሲደውል በኽምጥኛ፣ በዋግ አገውኛ፣ ነበር የሚያወሩት፤ ያኔ የእናቴ ድምፅ ቀጥኖ የልጅ ድምፅ ይሆን ነበር።

ክረምት ሲገባ ብርሃኑ ፈቃድ ወስዶ ይመጣ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራቱ መጣ ሄደ ሲል፣ እሱ ሲፒዩውን ፈታትቶ አቧራውን እየጠረገ፣ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ብሎኖቹን ያስይዘኝ ነበር። ያስተማረኝ ነገር ብዙ አይደለም። «አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ከዚያ አስነስተሽ እዪ። ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየርሽ የቱ እንዳዳነው አታውቂም» ይለኝ ነበር። የተበላሸውንና የሞከርኩትን ሁሉ እንድጽፍበትም አንድ ደብተር ሰጠኝ።

በመስከረም መጨረሻ፣ እናቴ የኮምፒውተሩን መንቀራፈፍ ስለነገረችው፣ ከወልድያ በሚመጣው አውቶቡስ በአንድ ተሳፋሪ እጅ በካልሲ የተጠቀለለ አዲስ ራም፣ ኮምፒውተሩን የሚያፈጥን ቀጭን ሰሌዳ፣ ላከልን። በዚያው ዕለት ከፍቼ ከአሮጌው ጎን ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ሰላም አላገኘም። ሲፈልግ ስታክ ያደርጋል፣ ሲፈልግ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ጽሑፍ ይሞላበትና ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፤ እናቴ የአንድ ሰውዬ የይግባኝ ማመልከቻ መጨረሻው ገጽ ላይ ደርሳ ጠፍቶባታል። አባቴ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ ወጣ።

ብርሃኑ በስልክ እየመራኝ አንድ በአንድ ሄድንበት። አዲሱን አውጥቼ በአሮጌው ብቻ ሳስነሳው ሠራ። አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን በእሱ ቦታ ስከተው እሱም ሠራ። አዲሱን ወደ ሁለተኛው መሰኪያ ሳዛውረው ግን ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። «እንግዲህ ራሙ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ መሰኪያው ላይ ነው» አለኝ። የራሙን ወርቃማ ጠርዝ በላጲስ ፈትጌ፣ መሰኪያውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጠርጌ፣ መልሼ ከተትኩና ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ነጫጭ መቆለፊያዎች ጠቅ እስኪሉ ተጫንኩት። መጀመሪያ ቀን ጠቅ እስኪል እንዳልተጫንኩት ስነግረው ሳቀ። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይህ ነው» አለኝ። ጥቅምትን ሙሉ ኮምፒውተሩ አንድም ቀን አላስቸገረም።

በኅዳር ብርሃኑ ሞተ። የተሳፈረበት መኪና ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹም እዚያው ቀበሩት። አባቴ በስልክ ሰምቶ ነበር፤ እኔና እናቴ ግን አልሰማንም። እናቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ነበርና፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስም የሰፈሩ እናቶችም እንዳትደነግጥ ብለው አስጠንቅቀው ነበር። እኛ አገር ለነፍሰ ጡርና ለአራስ መርዶ አይነገርም። ስለዚህ አባቴ፣ እህቱ እትዬ ሻሼና የእናቴ አጎት አያ ኪሮስ ተመካክረው፣ ወልዳ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ሊደብቋት ወሰኑ። የብርሃኑ ጓደኞች ግን ፎቶውን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፈውት ነበር።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የማየው፣ የእናቴ ስልክ ውሃ ገባበት ተብሎ መሳቢያ ውስጥ መቀመጡን፣ ብርሃኑ ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ተልኳል መባሉንና ኮምፒውተሩ እንደገና መታመሙን ነበር። አባቴ ውሸት አይችልበትም። የሰው ጉዳይ ሲጽፍ ነገሩን እንዲህ አድርጎ ይሰድረዋል፣ ለራሱ ሲሆን ግን ጆሮው ይቀላ ነበር። ብልሽት መፍጠርም አይችልበትም፤ የሚያውቀው እኔ ስሠራ ያየውን ብቻ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ሳንነሳ ክዳኑን ከፍቶ የራሞቹን መቆለፊያ በአውራ ጣቱ ላላ እያደረገ ይዘጋው ነበር።

እኔም ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ እጠግን ነበር። ከሰዓት ጠግኜ አስነሳዋለሁ፣ አባቴ «በቃ ተይው፣ ይረፍበት» ብሎ ያጠፋዋል፤ በማግሥቱ ጡጥ ጡጥ ብሎ ዝም ይላል። ደብተሬ ውስጥ ሰባት ጊዜ «ላልቶ ተገኘ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሙቀት ይሆን፣ ከመንገዱ የሚመጣ ንዝረት ይሆን ብዬ አሰብኩ እንጂ ሰው ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ባለጉዳዮች ሌላ ቤት መሄድ ጀመሩ። እትዬ ሻሼ ያለ ምክንያት መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች፤ እናቴንም ከወንበር እንኳ ብድግ እንዳትል ትቆጣት ነበር።

በታኅሣሥ አንድ የገበያ ቀን አባቴና እትዬ ሻሼ ገበያ ወጥተው እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ራሞቹን ጠቅ እስኪሉ ተጫንኩ፣ እንዳይላሉም በየመቆለፊያው ሥር የታጠፈ ወረቀት ወሸቅሁ። ተነሳ። ሩብ ሰዓት ጠበቅሁት፣ አልጠፋም። የኢንተርኔት ሞደሙን ከመሳቢያው አውጥቼ ሰካሁና «እማዬ፣ ዳነ! ነይ ለብርሃኑ ጻፊለት» ብዬ ጮህኩ።

ሆዷን ደግፋ መጥታ ተቀመጠች። ገጹ ቀስ ብሎ ከላይ ወደ ታች ሲከፈት እኔ የማየው የእሷን ፊት ነበር፤ እንድታመሰግነኝ ነው የምጠብቀው። ፊቷ አልተለወጠም። ዞር ስል ብርሃኑ የቀያሽ መሣሪያውን ተደግፎ ቆሞ የሚስቅበትን ፎቶ፣ ከሥሩም ሻማውንና «ነፍስ ይማር» የሚለውን አየሁ። እናቴ እስከ መጨረሻው አነበበችው። የሰዎቹን ስም ሁሉ አነበበች። እኔ ምንም አልተሰማኝም፤ እጄ ላይ የነበረውን ካቻቢቴ እንደያዝኩ ቀረሁ።

«አጥፊው» አለችኝ።

አጠፋሁት። ሁለታችንም ጥቁሩን ስክሪን አየን። ከዚያ፣ «አባትሽ የቱን ነው የሚነካው?» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ክዳኑን ከፍቼ በጣቴ አሳየኋት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ነቅላ ጣለች፣ መቆለፊያዎቹንም አላልታ ክዳኑን ራሷ ገጠመችው።

«አንቺ አልጠገንሽውም። እኔም አላየሁም። አባትሽ ከሰማ ይህን ልጅ ያጣሁት ያህል ይደነግጣል። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ወደ ጓዳ ገብታ ምስር መልቀም ጀመረች። አባቴ ተመልሶ ጆሮው እየቀላ «ዛሬም አልተነሳም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ቀና ሳትል «አልተነሳም» አለችው። «እንኳንም አልተነሳ፣ እኔም እያረፍኩ ነው» ብላ ጨመረችለት። አባቴ ደስ አለው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁለቱንም አያቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ድምፁ እንደተዘጋ ፊልም ናቸው። እናቴ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ እንግዳ ሲመጣ ትስቃለች፤ ሰው በሌለበት ግን እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትቀመጥ ነበር። እኔ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ቀሚሷን ነበር፣ ደም ይኖርበት እንደሆነ። ልጁ ከሞተ የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ይህን ሳስብ መፍራት ነበረብኝ፤ ግን ፍርሃቱም አልመጣም፣ ማየቱ ብቻ ነበር። ደብተሩን አስቀመጥኩት። አባቴ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት እየተነሳ የላላውን ሲያላላ፣ እናቴ ነቅታ ትሰማው እንደነበር አሁን እርግጠኛ ነኝ።

በየካቲት ወንድሜ ተወለደ። ጤነኛ ነበር፤ ሲያለቅስ ጎረቤት ይሰማ ነበር። እትዬ ሻሼ እልል ስትል እኔ ጓሮ ወጥቼ አስመለሰኝ። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሳ፣ ጾም ስለነበረ በሹሮና በጎመን ሰው ተጋበዘ፣ እናቴም ነጭ ለብሳ አስተናገደች።

ከአራት ቀን በኋላ ጎህ ሲቀድ አያ ኪሮስ ከደሃና ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎችን አስከትሎ በራችን ላይ ቆመ። ሌሊቱን በእግራቸው ሲመጡ ነው ያደሩት፤ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ነበር። እናቴ ገና ስታያቸው፣ ማንም አፉን ሳይከፍት፣ ሕፃኑን ለእትዬ ሻሼ አቀበለቻት።

«ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ነን፤ የሰጠ ነው የነሳ» አለ አያ ኪሮስ። «ብርሃኑን እግዜር ወስዶብናል።»

የጮኸችው ጩኸት አሁንም ከየት እንደመጣ አላውቅም። ለሰው ይምሰል የተጮኸ አልነበረም፤ ከአራት ወር ገደማ በፊት በእኔ ፊት ሳትጮኸው የቀረችው ነው። ሴቶቹ ያዟት፣ ወገቧን ደገፏት፣ እሷም በኽምጥኛ ስሙን እየጠራች ደረቷን መታች። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሰቀሰቀ። እኔ አላለቀስኩም። እትዬ ሻሼ ክንዴን ቆንጥጣ «ምነው ይቺ ልጅ፣ እንባ የላትም እንዴ?» አለችኝ።

አባቴ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ እንደደበቃት ያምን ነበር። ከዓመታት በኋላ እንኳ ለሰው ሲያወራ «ያን ኮምፒውተር እንዴት አድርጌ እንዳበላሸሁት!» እያለ ይኮራ ነበር፤ እናቴም «አንተ እኮ ሰይጣን ነህ» ትለው ነበር።

እሱም ሞተ፤ እኔ ባሕር ዳር ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ የሰቆጣ ስልክ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ። መስመሩ የተመለሰ ሰሞን፣ ማክሰኞ ቀን፣ የአንዱን ኮምፒውተር ክዳን ከፍቼ ሳለ አብሮ አደጌ «የአባትሽን ነገር ሰምቼ አዘንኩ፣ ነፍስ ይማር» ብላ ጻፈችልኝ። የሰማሁ መስሏት ነው። አነበብኩት፣ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፣ ብሎኖቹን አጥብቄ ኮምፒውተሩን ለባለቤቱ አስረከብኩ። ሐሙስ እናቴ ደወለች። «አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ፈቃድ ጠይቀሽ ብትመጪ ጥሩ ነው» አለችኝ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እኔም «እሺ እማዬ፣ ይሻለዋል» አልኳት።

ሰቆጣ ሄጄ ከተረዳሁ፣ ከመርዶዬም ሰልስት በኋላ ብቻችንን ስንሆን «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«ማክሰኞ።»

«ታዲያ ስደውልልሽ ምነው ዝም አልሽ?»

«ልትነግሩኝ ተዘጋጅታችሁ ነበራ።»

ነጠላዋን ከእሷ ላይ አንስታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችብኝ።

አሁን ቤታችን ውስጥ አራት ስልክ አለ። ወንድሜ ማን እንደሞተ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ያውቃል፣ እያኘከም ይነግረናል፤ ያኔ ሦስታችን አንድ ሞት ይዘን አንዳችን ለሌላው ስንል ዝም ብለን የከረምንበትን ቤት ብነግረው የሚያምነኝ አይመስለኝም። እኔም ማክሰኞን፣ ሐሙስን፣ ከባሕር ዳር እስከ ሰቆጣ ያለውን የሁለት ቀን መንገድ፣ ሁሉን እያወቅሁ በደረቅ ዓይን ነው የጨረስኩት። ቤት በደረስኩ ማግሥት ጎህ ሲቀድ ግን፣ አርጅቶ በምርኩዝ የሚሄደው አያ ኪሮስ ነጠላውን አዘቅዝቆ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ልጄ» ብሎ የማውቀውን ነገረኝ፤ እስኪነግረኝ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።