ቫይረስ ነው ብዬ የጠረግኩት መዝሙር

ኮምፒውተር ፎርማት በማድረግ የሚያህለኝ ሐበሻ ጆሃንስበርግ ውስጥ የለም ብዬ አምን ነበር። እውነቱን ለመናገር አሁንም ብዙ አልተለወጥኩም። ከአሌክሳንድራ እስከ ካትሌሆንግ ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ የወገኖቼን ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል፤ ሌላው የሚሸሸውን አሮጌ ማሽን እኔ በደስታ ነው የምከፍተው።

ስለዚህ ቮስሎሩስ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት ሲደውሉልኝ አላቅማማሁም። ባላቸው ወንጌላዊ ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሱቁን እየጠበቁ በዚያ ኮምፒውተር መዝሙር ይጽፉ ነበር። ከሞቱ በኋላ አንድ ዘመድ ላግዝ ብሎ አዲስ ሲስተም ጫነበትና የድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አልከፈት አለ። መዘምራኑ ደግሞ ለመታሰቢያቸው መዝሙሮቹን ፈልገዋል። ሌላ ቦታ የተጻፈ የለም።

"ወንድሜ፣ ወደ ድሮው መልስልኝ፤ እሱ እንደተወው ይሁን" አሉኝ፣ በሱቁ የብረት ፍርግርግ ለደንበኛ ዳቦ እያቀበሉ።

"እትዬ፣ እርስዎ ደንበኛዎን ያስተናግዱ። ይሄ ለእኔ ምንም አይደለም።"

ኤክስፒ የሚባለውን አሮጌ ሲስተም በሲዲ ይዤ ነው የምዞረው። ሲጫን ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። ፎቶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት፣ "መዝሙር" የሚል ፎልደር። የምፈልገው እሱ ነውና ሳልከፍተው ገለበጥኩት። ሌላ ፎልደር ውስጥ ግን የፋይሎቹ ስም አይነበብም፤ የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት ተደበላልቋል። አንዱን ብከፍተው ውስጡም ያው ነው። ቫይረስ ነው ብዬ ተውኩትና ዲስኩን ፎርማት አደረግኩ።

"ቆሻሻ ነበረበት፤ ጠርጌልዎታለሁ" አልኳቸው።

"ተባረክ!" አሉኝ።

ኤክስፒ ያለ ምንም ችግር ተጫነ። የአማርኛውን ፕሮግራም አስከትዬ ጫንኩና ለሙከራ "ሰላም ለዚህ ቤት" ብዬ ጻፍኩ። ላስቀምጠው ስል ማሽኑ የመጀመሪያውን መስመር ወስዶ የፋይል ስም አደረገው፤ የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት። ቅድም የጠረግኩት ያው ራሱ ነበር። እነዚያ የድሮ ፕሮግራሞች አማርኛውን የሚያሳዩት በራሳቸው ፎንት ብቻ ነው፤ ፎንቱ ከሌለ ያው ዝብርቅርቅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩት በዚሁ ፕሮግራም ነበር። ሰው እንዴት የገዛ ፊደሉን ቫይረስ ይላል? ፍላሹ ላይ ያለውን የ"መዝሙር" ፎልደር ስከፍተው ውስጡ የሌሎች ዘማሪዎች የድምፅ ቅጂ ብቻ ነው።

ከሰዓቱን በሙሉ በፋይል ማዳኛ ፕሮግራም ፈለግኩ። አዲስ የጫንኩት በላዩ ስለተጻፈበት ቁርጥራጭ ብቻ ወጣ። ዲስኩ አርጅቶ ነው ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ሐሳቡ መጥቶብኛል፣ አልዋሽም። ግን ሴትየዋ መርቀውኛል።

"እትዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቆሻሻ ያልኩት የባለቤትዎ ጽሑፍ ነው።"

አንዲት ደንበኛ "ሳውቦና ማማ!" ብላ በዙሉ ሰላምታ ሰጥታ ስኳር ጠየቀች፤ ሰጥተው ሸኟት። ከዚያ የለስላሳ ሳጥን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

"እጅህ ነው ያጠፋው፤ እጅህ ይጻፈው" አሉና መዘመር ጀመሩ።

ባላቸው ስንኝ በጨረሱ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሰሙት ለሚስታቸው ነበር ለካ። እትዬ ይዘምራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ደንበኛ ሲመጣ ተነስተው ይመለሳሉ፣ ካቆሙበትም ይቀጥላሉ። አንድም ቃል አልተሳሳቱም። እኔም ልቤ ተመለሰ፤ ሁሉንም እናገኘዋለን አልኳቸው፣ እንደ ልማዴ።

የመጨረሻው መዝሙር ላይ ሁለት አንቀጽ አልፈን "ሦስት" ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩና ጠበቅኩ። ዞር ስል እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

"ይሄን አላውቀውም" አሉ። "ጽፌዋለሁ፣ እሁድ አሰማሻለሁ ብሎኝ ነበር። ሐሙስ አረፈ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። ቁጥሩን ላጠፋው ጣቴን ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

"ተወው፣ አታጥፋው። መዘምራኑ ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።"