ሬዲዮ ውስጥ የነበሩት አምስት ሰዎች

ያ ቀን ያስከፈለኝ አንድ የበር መቀርቀሪያ፣ አራት አዲስ የባትሪ ድንጋይና ሁለት እሽግ ብስኩት ነው። በማስተር ፕላኑ ረብሻ ሰሞን ሰበታ ላይ በዚህ ዋጋ የተገላገለ ነጋዴ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሱቄ ከዓለም ገና ወዲህ፣ አስፋልቱ ዳር ናት። በዚያ ሰሞን ከከፈትክ ወጣቶቹ ድንጋይ ይዘው ይመጣሉ፤ ከዘጋህ ቀበሌው «አድመሃል» ብሎ ያሽግብሃል። እኔ መላ አበጀሁ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ እዚያው እውላለሁ። ለወጣቶቹ ተዘግቷል፤ ቀበሌው ሲያንኳኳ ደግሞ ሰው አለበት። ማንንም አልዋሸሁም።

መብራት ጠፍቷል፣ ስልክ አይሠራም። ማዶ ያሉትን ሽማግሌ ገበሬ ጎረቤቴን «አባባ፣ ቤት ተቀምጠው ከሚቆዝሙ እኔ ጋ ሬዲዮ ይስሙ» ብዬ በጠዋት የጠራኋቸው እኔው ነኝ። ይህ ይያዝልኝ።

ትልቁን ሬዲዮ የስኳር ጆንያ ላይ አስቀመጥን። ብሔራዊው ሬዲዮ ያን ቀን ከእኛ መንገድ መዘጋት በቀር ያላወራው ነገር የለም። ጠዋት ስለ ድንች በሽታ። ቀጥሎ አንዲት ሐኪም ስለ ጡት ማጥባት፤ አባባ ሰባት ልጅ አሳድገው እንደ ተማሪ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ከዚያ የጥያቄና መልስ ውድድር፤ እኔ ቀድሜ መለስኩ፣ ሽልማቱን የደብረ ብርሃን ሰው ወሰደው። ከምሳ በኋላ ስለ ንብ ቀፎ ክርክር መጣ። አባባ አንድ ጆሯቸው አይሰማም።

«ጨምረው» አሉኝ። ጨመርኩት።

ከውጭ ሲሰማ ምን እንደሚመስል አላሰብኩም። ሰው መሰብሰብ በተከለከለበት ሰሞን፣ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ አምስት ሰው ይጨቃጨቃል።

በሩ ተደበደበ። «ክፈት! ሁላችሁም እጅ ወደ ላይ!»

የነጋዴ በር ሲንኳኳ እጁ ቶሎ የሚሮጠው አንድ ነገር ለመደበቅ ነው። ሬዲዮውን አጠፋሁት። ያን ቀን ከሠራሁት ሁሉ የከፋው ይህ ነው። መቀርቀሪያው ጋ ሳልደርስ በእርግጫ ገነጠሉት።

ሦስት ወታደሮች ናቸው። አለቃቸው፣ ቀጭን ሰው፣ ከባንኮኒው ሥር ከጆንያው ኋላ ሁሉ ፈተሸ።

«ሌሎቹስ?»

«ሌላ የለም፣ አለቃ። ሬዲዮ ነው።»

«አምስት ሰው ቆጥሬያለሁ። አንዷ ሴት ናት። አንዱ ያስለዋል።»

«ሁሉም ሬዲዮው ውስጥ ናቸው።»

«ሬዲዮህ ጠፍቷል።»

«ስታንኳኩ አጠፋሁት።»

«ለምን?»

«የነጋዴ ልማድ ነው።»

አባባ እጃቸውን እንዳነሱ «መል ጎና?» አሉኝ ቀስ ብለው፤ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። ውጭ ፒካፕ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። እኔ ብጫን ግድ የለም፣ ንግድ ሁሉን ያሳያል። እሳቸውን በዚህ ዕድሜ ከቤታቸው ጠርቼ ካስወሰድኳቸው ግን ባለቤታቸውን በምን ዓይኔ አያለሁ?

«ክፈተዋ» አለ አለቃው።

ከፈትኩት። ዋሽንት።

«ዋሽንቱ ነው የሚያስለው?» አለ አንዱ ወታደር።

«እረፍት ላይ ናቸው፤ ይመለሳሉ» አልኩ፣ እኔ የቀጠርኳቸው ይመስል።

«እንጠብቃለን።» አለቃው የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ብስኩት አቀረብኩ። ዋሽንቱ አያልቅም፤ ከጠዋት ጀምሮ የሠራው ድንጋይ ደግሞ ደከመ፣ ድምፁ ሰለለ። ለሽያጭ ያስቀመጥኩትን አራት አዲስ ድንጋይ አውርጄ ቀየርኩ። ስቸኩል አንዱን ሁለቴ ገልብጬ አስገባሁት።

«ወደ ውይይታችን ተመልሰናል» አለች ሴትዮዋ።

«እሷ ናት» አለ አለቃው፣ አንድ ጣት አጥፎ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው መጡ። ባለሙያው ዘመናዊውን ቀፎ ሲያመሰግን ያ ቀልደኛ ወታደር ብስኩቱን እያኘከ «ውሸቱን ነው! የአባቴን ቀፎ አላየም!» አለ።

«ዝም በል፣ አምስተኛውን ልስማ።»

አምስተኛው አይናገርም። ምሁራኑ ዕድል አልሰጡትም። የሰው ሳል እንደዚያ ናፍቆኝ አያውቅም።

በመጨረሻ ሴትዮዋ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለች። ሰውዬው ከመናገሩ በፊት ሳለ፤ ደረቅ፣ ረጅም፣ የእርሻ አቧራ የዋጠ ሰው ሳል።

«እሱ ነው» አለ አለቃው፤ አምስተኛውን ጣት አጥፎ ተነሳ። «እጅዎን ያውርዱ፣ አባባ።» ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «ድምፁን ቀንስ» አለኝ። የተረፈውን ብስኩት ቀልደኛው ይዞት ወጣ።

የፒካፑ ድምፅ ራቀ። አባባ «ገለታ ዋቃ» ብለው እግዜርን አመሰገኑ፤ ወዲያው ደግሞ «ጨምረው እንጂ፣ ሰውዬው ምን አለ?» አሉኝ። ሳቄ እንባ ሆኖ ወጣ። አልጨመርኩም፤ ሬዲዮውን አንስቼ ደህናው ጆሯቸው ላይ አስጠጋሁላቸው።

በሩ በሽቦ ታስሮ አደረ። ብስኩቱ ተበላ። ድንጋዩ እስከ ምሽቱ ዜና ሠራ። አባባ ቤታቸው ገቡ።