መጥረጊያ የተሣለበት የትንፋሽ ደብተር

ልጄ ባለፈው ክረምት ስልኬ ላይ አንድ አፕ ጫነችልኝ። አስም ላለበት ሰው የተሠራ ነው። ጠዋትና ማታ ድምፅ እያሰማ «ዛሬ ትንፋሽዎ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ እኔም ከሚስቁትና ከሚያኮርፉት ትንንሽ ፊቶች አንዱን እነካለሁ። የት እንደዋልኩ፣ ምን እንደሸተተኝም ይመዘግባል። ልጄ አጠቃቀሙን ልታስረዳኝ አጠገቤ ስትቀመጥ «ይሄንንማ እኔ በደርግ ጊዜ ጨርሼዋለሁ» አልኳት። ሳቀችብኝ። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አባቴ ከምድር ባቡር ጡረታ ሲወጣ እናቴን ይዞ ወደ ደጋ ተመልሷል፤ እኔ ሥራዬን ትቼ አልሄድም ብዬ መጋላ በኩል አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ። ጠዋት የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ሥራ እገባለሁ፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ሲበሳ ተመልሼ እተኛለሁ፣ አሥር ሰዓት ሲል ከተማው እንደገና ሲነቃ እኔም አብሬ እነቃለሁ። ደስ የሚል ኑሮ ነበር። የሚያስቸግረኝ አስሜ ብቻ ነው።

አስሙ ከልጅነቴ ጀምሮ አለ፤ የዚያን ዓመት ግን ባሰበት። ሲነሳብኝ ደረቴ ሲር ሲር ይላል፣ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ማረፍ አለብኝ። ክሊኒኩን ቤቴ አደረግሁት። እዚያ መርፌ የሚወጋኝ አንድ ሽበታም ድሬሰር ነበር፤ እጁ ቀላል፣ አፉ ግን የማይምር። አንድ ቀን መርፌውን ነቅሎ ጥጡን እየጫነ ጠየቀኝ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ምን ስትሠሪ ነው የሚነሳብሽ?»

«እንጃ፣ ዝም ብሎ ነው የሚነሳው።»

«ዝም ብሎ የሚነሳ በሽታ የለም። ያንቺን ውሎ እኔ ከየት አውቃለሁ? ደብተር ግዢና በየቀኑ የት እንደዋልሽ፣ ምን እንደሠራሽ፣ ትንፋሽሽ እንዴት እንደነበር ጻፊበት። በወሩ ይዘሽልኝ ነይ።»

ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አድርጌ ጻፍኳቸው፤ አናቱ ላይ «ጉዳዩ፦ ስለ ትንፋሽ» ብዬ ሁሉ አስምሬበታለሁ። ችግሩ ግን ቶሎ መጣ። ደህና በሆንኩበት ቀን ገጽ ሙሉ እጽፋለሁ፤ በታመምኩበት ቀን ግን እስክሪብቶ ማንሳትም ያቅተኛል። የሚፈለገው ደግሞ የታመምኩበት ቀን ነው።

ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ሶማሌ ጎረቤት ነበረችኝ። ባሏ የሞተባት፣ ጨርቅ የምትነግድ፣ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። እኔ «አባዮ» እላታለሁ፤ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። ስታመም በግድግዳው በኩል ሳሌን ሰምታ ሳትጠራ ትመጣለች። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ትንፋሽ ሳሳድድ ገባች። ደብተሩ ጭኔ ላይ ተከፍቶ አየችው።

«ስጪኝ፣ እኔ እጽፋለሁ» አለች።

«አባዮ... አማርኛ... ትጽፊያለሽ እንዴ?»

«አልጽፍም። እጅ የለኝም እንዴ? እሥላለሁ!»

እንዲህ ተባብረን ጀመርን። የቀኖቹን ስም እኔ አስቀድሜ በየገጹ እጽፋለሁ፤ የቀረውን እሷ ትሥላለች። ትንፋሼ ደህና የዋለ ቀን ክብ ነው። የከፋ ቀን መስመር ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሲብስ ሦስት። ከጎኑ ደግሞ የሠራሁትን ነገር ትሥላለች፤ ሥራ ገብቼ እንደሆነ የጽሕፈት መኪና፣ ልብስ አጥቤ እንደሆነ ሳፋ፣ ፍየል ሥጋ በልቼ እንደሆነ ፍየል። አባዮ ጎበዝ ሠዓሊ ነበረች ብል እዋሻለሁ። የጽሕፈት መኪናዋ ቤት ይመስላል፣ ፍየሏ ወንበር ይመስላል። አሳምራ የምትሥለው ግመል ብቻ ነው። ግመል ከአስሜ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ እሷ ግን ገጹ ባዶ ሲሆንባት አንድ ሁለት ግመል ታክልበታለች።

በዚያን ጊዜ እሁድ ጠዋት የቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ነበር። በድምፅ ማጉያ እየተጠራን ሁላችንም ወጥተን መንገዱን እንጠርጋለን፤ የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገባል። እኔ ዘመቻውን እወደው ነበር። ሰው ይገናኛል፣ ይሳሳቃል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይተዋወቃል። የድሬዳዋ አቧራ ሲነሳ አጠገብህ ያለው ሰው እንኳ አይታይም፤ ሁላችንም ነጭ ሽፋሽፍት አውጥተን ወደ ቤታችን እንገባለን። አባዮም ይህንን በታማኝነት እየሣለች ባለረጅም እጀታ መጥረጊያ ታስቀምጥልኛለች።

ወሩ ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ተፈተሸ። የእኔ ክፍል የገቡት የቀበሌው ሊቀመንበርና ሁለት ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃ አባላት ነበሩ። ሊቀመንበሩ ፊቱ የማይፈታ፣ ቀጭን፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። አንደኛው ጥበቃ ፍራሼን ገልብጦ ሲያራግፈው ክፍሉ በአቧራ ተሞላ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ደብተር አንስቶ ማገላበጥ ጀመረ።

«እሁድ፣ ጠመንጃ፣ ሦስት መስመር» ብሎ አነበበ። ገጽ ገለበጠ። «እሁድ፣ ጠመንጃ፣ ሦስት መስመር።» ሌላ ገለበጠ። «ግመል። ግመል። ግመል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ምንድነው ይሄ?»

በዚያ ዘመን አንድ ወረቀት ሰውን የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የፍራሹ አቧራ ይሁን ድንጋጤው አላውቅም፣ ደረቴ ተዘጋ። ቃል ላወጣ ብታገል የሚወጣው ሲር የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። ጣቴን ወደ ደብተሩ፣ ከዚያ ወደ ደረቴ ጠቆምኩ።

«ተናገሪ እንጂ!»

ይሄኔ አባዮ በሩ ላይ ደረሰች። አማርኛዋ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለሁሉም ሰው አንድ ነው።

«አንተ፣ ልጅቷን ተዋት! ትንፋሽ የላትም፣ አታያትም እንዴ? ምን እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ። የሣልኩት እኔ ነኝ።»

«ጠመንጃውን አንቺ ነሽ የሣልሽው?»

«የምን ጠመንጃ? መጥረጊያ ነው!»

ሊቀመንበሩ ደብተሩን አራቀው፣ አቀረበው። «ይሄ መጥረጊያ ነው?»

«ምን ጎደለው?»

እስክሪብቶ ሰጣት። «እስቲ አሁን እዚሁ ሣዪው።»

አባዮ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ሣለች። ቀጥ ያለ እንጨት፣ ጫፉ ላይ ወፈር ያለ ነገር። ስትጨርስ ከበፊቶቹም የበለጠ ጠመንጃ ሆነ። ፍራሼን የገለበጠው ጥበቃ ሥዕሉን አየና የራሱን ጠመንጃ አየ፤ ከዚያ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሁለተኛው ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ግመሎቹስ?» አለ ሊቀመንበሩ፣ አሁን ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም። «ኮንትሮባንድ ነው?»

«አቦ፣ እሱ ለውበት ነው!»

ከዚያ ስለ ድሬሰሩ፣ ስለ ክቡና ስለ መስመሩ አንድ በአንድ ነገረችው። ሊቀመንበሩ በርጩማዬን ስቦ ተቀመጠ። የድሮ አስተማሪነቱ ተመለሰበት መሰለኝ፣ ገጾቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ ተማሪ ፈተና በጣቱ ማረም ጀመረ። በሩን ከፍተውልኝ ስለነበር እኔም ቀስ በቀስ ትንፋሼ ተመለሰ።

«ቆይ» አለ። «ክቦቹ በሌላው ቀን ናቸው። ሦስት መስመር ያለው ግን እሁድ ብቻ ነው። ሰኞ ሁለት፣ ማክሰኞ አንድ፣ ከዚያ ክብ። እሁድ እሁድ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ከእናንተ ጋር እጠርጋለሁ» አልኩ።

ወር ሙሉ ያንን ደብተር ስይዝ፣ አባዮም ስትሥል፣ አንዳችንም አላየነውም። ሊቀመንበሩ ግንባሩን ቋጠረ። «እና ያሳመመሽ የአብዮቱ ዘመቻ ነው ማለት ነው?»

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። አባዮ ግን ቀደመችኝ።

«አቧራው ነው እንጂ! አቧራ ደግሞ አብዮተኛ ነው እንዴ?»

ያ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ ሳቀ። ጥርሱን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ደብተሩን መልሶ ሰጠኝና «ሰኞ ከክሊኒክ ወረቀት ይዘሽ ነይ» ብሎ ወጣ።

ነገሩን ለድሬሰሩ ስነግረው ደብተሩን ገልጦ እሁዶቹን አያቸውና መነጽሩን አወለቀ። «እኔ እዚህ ስወጋሽ ስከርም፣ በሽታሽን ቀበሌ አገኘልሽ?» አለኝ። ከአቧራ ራቂ የሚል ወረቀት ጻፈልኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ድምፅ ማጉያው «ጓዶች፣ ከመጥረጋችሁ በፊት ውሃ እርጩ!» እያለ ጮኸ። እኔ ቦኖው ጋ ቆሜ ለሰፈሩ ባልዲ ውሃ እንድቀዳ ተመደብኩ። ሰዉ መንገዱን እያረሰ ጠረገ፤ አቧራውም መሬት ላይ ቀረ። ለካ አቧራው የሚያስለው እኔን ብቻ አልነበረም። ከቦኖው አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «ማን ነው ይሄን ያሰበው? ዘመኑ ይባረክ» አሉኝ። ቀና ብዬ ሊቀመንበሩን ጠቆምኳቸው፤ እሱም እንዳላየ ሆነ።

አስሜ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ እስከ ዛሬም አለ። ግን ከዚያ ወዲያ ክሊኒክ የምሄደው አልፎ አልፎ ሆነ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የአባዮ የእህቷ ልጅ መልካ ጀብዱ ላይ ተዳረች። በጭነት መኪና ጭነውን ሄድን፤ ከሴቶቹ መሀል አማራዋ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከበሮው ሲመታ፣ ሙሽራዋ ስትገባ ሴቶቹ ሁሉ እልልታቸውን አቀለጡት። እኔ በሰው ሠርግ ላይ ሁልጊዜ ማጨብጨብ ብቻ ነበር ሥራዬ፤ ትንፋሼ አያደርሰኝም ነበርና። ያን ቀን ግን አየር ስስብ ሳይያዝ እስከ ታች ድረስ ገባልኝ። እልል አልኩ። አልተቋረጠም። ደገምኩት፣ ሠለስኩት፤ አራተኛውን ስጀምር ሙሽራዋ ራሷ ዞር ብላ ማን እንደሆነ አየች።