የጋሽ ደጉ ጠማማ ሸማ

ጋሽ ደጉ ሰው ይንቃሉ። ይህን ከጅምሩ መናገር ይሻላል፤ ኋላ የደረሰባቸው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ውስጥ፣ አባታቸው ከመንዝ ይዘውት በመጡት የሸማኔ ዕቃ ከአርባ ዓመት በላይ ሸምነዋል። ልጅ ሳሉ የሰፈሩ ሰው ሸማኔን በሚንቅበት ስድብ «ቁጢት በጣሽ» እያለ ይጠራቸው ነበር። እሳቸውም ብድራቸውን በሥራ መለሱ፦ ዳሩ ዝንፍ የማይል፣ ማጉ ከላይ እስከ ታች እኩል የተመታ ሸማ ይሠራሉ። ያንን መሥራት የማይችለውን ሁሉ፣ ማለትም የቀረውን የአዳም ልጅ፣ ከቁብ አይቆጥሩትም።

የሚያከብሩት ፈታዮችን ብቻ ነው። በዚያ አገር ልጇን የምትድር እናት ጥጡን ራሷ ፈትላ፣ ልቃቂቱን ይዛ ሸማኔ ደጅ ትመጣለች። እጁ ያልታመነ ሸማኔ የእናት ፈትል አይሰጠውም። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ዲጋ አዴ ዱረቲም ለጥር ሠርግ፣ ለልጇ ቡሉኮ የሚሆን የሁለት ዓመት ፈትሏን አምጥታ ሰጥታቸዋለች። ጋሽ ደጉ ፈትሉን አይጥ እንዳይደርስበት ከፍ አድርገው ሰቅለው፣ የሚጀምሩበትን ቀን በጉጉት ይጠብቁ ነበር። ከዕድሜያቸው የተረፋቸው ደስታ ይኼው ነው።

ሆኖም ገበያውን የፋብሪካ ጨርቅ ስለሞላው፣ ከሠርግ በቀር የሚሸመን ነገር ጠፋ። በዚህ ጊዜ ነው ጫንያለው የሚባል ወጣት ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ «ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ» የከፈተው። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ትርፍ የማያሳድድ ንግድ ነው ተባሉ። እንግዲያው ወይ ንግድ አይደለም ወይ ውሸት ነው ብለው ገቡበት። ግድግዳው ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ከእንግዳ በቀር የሚያነበው የለም። እሳቸው ይሸምናሉ፣ የሰፈሩ ሴቶች ካፖርትና ቦርሳ አድርገው ይሰፉታል፣ በእያንዳንዱ ልብስ ላይ የሸማኔው ፎቶ ይንጠለጠላል። እንግዶች ሲመጡም ጫንያለው «የማኅበረሰባችን ሀብት» እያለ ትከሻቸውን ይደባብሳል። ጋሽ ደጉ ይህን ከስድቡ አብልጠው ይጠሉታል፤ ቁጢት በጣሽ የሚላቸው ሰው ቢያንስ ትከሻቸውን አይነካም ነበር።

አንድ ቀን ጫንያለው ፊቱን አጨፍግጎ መጣ። ውጭ አገር ያሉት ገዢዎች ሸማው እኩል ከመሆኑ የተነሳ ማሽን የሠራው መስሏቸዋል።

«ጋሼ፣ ትንሽ የእጅ ስሜት ይኑረው፤ ዳሩ ዝንፍ ይበል፤ ድሩ ቢበጠስም አይቀጥሉት» አላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን እምቢ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ጋሽ ደጉ ግን እምቢታ እንኳ ለጫንያለው ይበዛበታል ብለው አሰቡ። ሦስት ቀን ተቀምጠው በዕድሜያቸው ከሠሩት ሁሉ አስቀያሚ የሆነውን ሸማ ሠሩ፦ ዳሩ ሰክሮ የሚሄድ፣ ማጉ እዚህ የላላ እዚያ የታነቀ፣ የተበጠሰው ድር እንደተበጠሰ የቀረ። በሸማ ተሳደቡ። ሲያየው ያፍራል ብለው ነበር። ለብልህ አይነግሩም ይባላል፤ ጫንያለው ግን ብልህ ስላልነበረ ስድቡ አልገባውም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ፎቶ አነሳው፤ አቀፋቸው። ሴቶቹ ካፖርት አድርገው ሰፉት፣ በከተማው ባዛርም የጋሽ ደጉ ፎቶ ተንጠልጥሎበት ፊት ለፊት ተሰቀለ።

አዴ ዱረቲ ባዛሩን አይታ በቀጥታ ቤታቸው መጣች። ወትሮ ሰላምታዋ ከብቱንም እህሉንም ጠይቆ የማያልቅ ሴት፣ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ደጉ» ብላ አቆመች። ካፖርቱን የሸመነው ማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

የሠልጣኝ ሥራ ነው ቢሉ የሚታመኑ ሰው ናቸው። አፋቸውም ለመዋሸት ተከፍቶ ነበር። ግን በእሳቸው እጅ የተሠራውን፣ ስድብም ቢሆን፣ ለሌላ መስጠት አልሆነላቸውም።

«የኔ ነው። ሆን ብዬ ነው ያጠመምኩት፤ ለማያውቅ ሰው» አሉ።

«እጅዎ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ፈትሌን እርስዎ ዘንድ እተወው ነበር፤ የደከመ እጅ ይጠነቀቃል» አለች ዱረቲ። «እኔም እኮ ሽመና አላውቅም፣ ኦቦ። ቢንቁኝ በምን አውቃለሁ?»

ጋሽ ደጉ ፈትሉን ራሳቸው አውርደው ሰጧት፤ እሷም ነጠላዋ ውስጥ ቋጥራ ወደ ዲጋ ሄደች። ቆመው አለቀሱ ቢባል ማን ያምናል፤ ግን አልቅሰዋል።

በሳምንቱ ጫንያለው እየተጣደፈ መጣ። ስድሳ ካፖርት ታዟል፤ ገዢዎቹ ግን በፎቶ ካዩት ውልፍት እንዳይል፣ ስድሳውም በዚያው ቦታ እንዲጠመም፣ በዚያው ቦታ እንዲላላ ይፈልጋሉ። ይህን ማድረግ የሚችል እጅ በወለጋ አንድ ብቻ ነው። ጋሽ ደጉ የመጀመሪያውን አስመጥተው ጥመቱን በስንዝር ለኩ፣ የተበጠሱትን ድሮች ቆጠሩ፣ ከዚያም ተቀምጠው ስድሳውንም ጨረሱ። አንዱ ከአንዱ አይለይም ነበር። ጥር ሲገባ በባኬ ጃማ በኩል ልቃቂት የያዙ እናቶች አለፉ፤ ወደ እሳቸው በር የዞረች ግን አልነበረችም።