ካሳነሽ በሆሳዕና የቀዳችው

እትዬ ካሳነሽ ቂመኛ ናት። ይህን ሸፋፍኜ ባወራ ራሷ ትቆጣኛለች። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር ብዙ ዓመት ሆኖናል። እኔ ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት እሠራለሁ፤ እሷ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ጭማቂ ትሸጣለች። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም። ያላት ስሟ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ጦርነቱ ሳይመጣ በነበረው ሁዳዴ ነው። ጋሽ ገብረየስ የሚባሉ ደግ ሰው ደም ግፊት አለባቸው። ክኒኑን ጠዋት ዋጡ ተብለው ሳለ፣ ጾሜን አልገድፍም ብለው ቅዳሴ እስኪወጣ ያቆዩታል። እኛ እንዲህ ነን፤ መድኃኒቱም አብሮን ይጹም እንላለን። ሲወጡ ታዲያ ያችን ክኒን በካሳነሽ ግሬፕ ፍሩት ያወራርዷታል። አንድ እሑድ ጠጥተው፣ ግቢው ውስጥ ሲጫወቱ ቆይተው፣ ረክሻ ሊሳፈሩ ሲሉ ተዝለፍልፈው ወደቁ።

ሚስታቸው ፍቅርተማርያም እዚያው በሩ ላይ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ «ካሳነሽ ናት መርዝ ያጠጣችብኝ» አለች። ገብረየስ በወጣትነታቸው ካሳነሽን አጭተው እንደነበር ዴም ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ወሬው አገር አዳረሰ። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ሰው እንኳ ብርጭቆ አላነሳም። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ በወዲያ ማዶ ያልፋሉ። እኔ ንዴቱ ሊገድለኝ ነበር። ካሳነሽ ግን ፍሬዎቿን መልሳ ከረጢት ውስጥ እየከተተች «ቆይ፣ ታገኛታለች» አለች።

ጥቂት ቆይቶ ገብረየስ ወደ ሶባ ለሥራ ሄደው፣ አንድ ሱዳናዊ ሱቅ ውስጥ ክኒናቸውን በዚያው ጭማቂ ውጠው ደግመው ወደቁ። ያያቸው ሐኪም ክኒኑን በምን እንደዋጡት ጠየቃቸው። ሲሻላቸው ቀጥ ብለው ካሳነሽ ዘንድ መጡ።

«ካሳዬ፣ መርዝ አይደለም» አሏት። «አንጀትና ጉበት ክኒኑን አብዛኛውን ሰባብረው ትንሹን ነው ወደ ደም የሚያሳልፉት። ሐኪሙም ሲያዝ ያንን አስቦ ነው። ይሄ ፍሬ ግን የሚሰባብረውን እጅ ያስራል። አንዷ ክኒን እንደ ሦስት ሆና ትገባለች። ጭማቂውን ጠዋት ጠጥቼ ክኒኑን ማታ ብውጠው እንኳ አያመልጠኝም አለኝ።»

«ፍቅርተ ይህን ሰምታለች?»

«ወላሂ ሰምታለች። አጠገቤ ነበረች። አሁንማ አንቺም ግፊት አለብሽ ብለው ለእሷም ያንኑ ክኒን አዘውላታል።»

ባይነግሯት ይሻል ነበር። ሳታውቅ ተናግራ ቢሆን ካሳነሽ በጊዜ ብዛት ትተወው ነበር። ፍቅርተማርያም ግን እውነቱን አውቃ፣ አፏን ይዛ፣ ካሳነሽ ባዶ ጠረጴዛ ይዛ ስትቀመጥ እያየች ታልፍ ነበር። ይህ ነው ያንገበገበን።

ሆሳዕና ደረሰ። የነፍስ አባቷ «ካልታረቅሽ ለፋሲካ አትቆርቢም» ቢሏት ፍቅርተማርያም ሽማግሌ አስከትላ መጣች። ሕዝቡ ዘንባባውን በግንባሩ እንዳሰረ ከበበን። ጎንበስ ብላ የካሳነሽን ጉልበት ልትይዝ ስትል ካሳነሽ ወደ ኋላ ሸሸች።

«በሰው ፊት ነው መርዝ ያልሽው» አለቻት። ትልቁን ግሬፕ ፍሩት መርጣ ጨመቀች፣ ብርጭቆውን ሞላች፣ ሰጠቻት። «በሰው ፊት ጠጪው።»

ፍቅርተማርያም ብርጭቆውን ተቀበለች። እምቢ ብትል አሁንም መርዝ ነው ማለቷ ነው። ክኒን ጀምሬያለሁ ብትል ማን ያምናታል? ሰበብ ነው ይሏታል። ዙሪያዋን አየች፣ ከዚያ ብርጭቆውን ወደ አፏ አነሳች። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እኔ በሆዴ ትጠጣው አልኩ።

ከንፈሯ ሊነካው ሲል ካሳነሽ የእጇን አንጓ ያዘቻት።

«ክኒን ጀምረሻል። ገብረየስ ነግሮኛል» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ባልይዝሽ ማን ያውቅብኝ ነበር? ገዳይ ብሆን እንደ ዛሬ የሚመቸኝ ቀን ነበር?»

ካሳነሽ ጭማቂውን መሬት ላይ ደፍታ ብርቱካን ጨመቀችላት። «ይሄ ክኒንሽን አይነካውም። ያላ፣ ጨርሺው።» ፍቅርተማርያም እንባዋን እያፈሰሰች እስከ አተላው ጠጣች። ከኋላዋ ሰዎች ብርጭቆ እየጠየቁ መሰለፍ ጀመሩ።

ሽማግሌው ደስ ብሏቸው «እንግዲህ ይቅር በያት፣ ካሳነሽ» አሉ።

«አባቴ፣ ጠጪ አልኳት እንጂ ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት እንዴ? እኔ ሁዳዴውን ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ጾሜያለሁ። እሷም ፋሲካውን ሳትቆርብ ትዋል።»

ለምነናት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እኔ እንኳ በመጨረሻ ለምኛታለሁ። ፍቅርተማርያም ሳትቆርብ ዋለች።